እርማት ማሽን ንባብ ስታስተምር

የራሷ ስም አላት፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን የክሊኒክ ካርድ ክፍል ብቻ ነው። ለቀረነው እርማት ናት። ስሙ የወጣላት ማተሚያ ቤት ሳለች ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የሰው ጽሑፍ ስታርም ኖራለች። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳት መጀመሪያ የምታየው የሙሽሮቹን ስም ሳይሆን የፊደል ግድፈቱን ነው ይባላል። ይባላል ማለት ለጨዋነት ነው እንጂ፣ አንዱን ጥሪ በቀይ አርማ ለባለቤቶቹ እንደመለሰች ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ባለሠርጎቹ ተቀይመው ከድግሱ አስቀሯት። እሷ ምን አለች? «እኔ ብቀር ምን አለበት፤ ስህተቱም ቀርቷል።»

ታዲያ አንድ ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ፊደል የሚያርም ፕሮግራም አስገባ። በዚያው ሳምንት ዓርብ አምስቱም አራሚዎች የስንብት ደብዳቤ ተሰጣቸው። አራቱ ሲያለቅሱ እርማት ደብዳቤውን አነበበችው። ሁለት ስህተት አገኘችበት፤ አርማ ለሥራ አስኪያጁ መለሰችለትና «ማሽናችሁን ያመለጡት ናቸው» ብላው ወጣች።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ማሽን የሚባል ነገር ዓይኔ አይየው ይል ነበር። እርማት እልኸኛ ናት። በነጋታው ሰፈሩ ውስጥ ካለው ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና «እስቲ ከወንበሬ ያስነሳኝን ፊቱን ልየው» አለች። ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠች። አስተማሪ አልነበራትም፤ የነበራት መጽሐፍና ግትርነት ነው። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው እንዲህ ነው። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ «እትዬ፣ ሰው በዚህ ዕድሜ ባል ይፈልጋል፤ አንቺ ፋይል ትፈልጊያለሽ» እያለች ደንበኞቿን ስታስቅባት ከረመች።

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ አየች፤ «ነጻ የኮምፒውተር ስርዓት እናዘጋጃለን። ማንበብ የማይሰለቸው ሰው እንፈልጋለን» ይላል። ማንበብ የማይሰለቸው! የሚያውቋት ሰዎች የለጠፉት ነው የመሰላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ከሥር ሆኖ ሁሉን የሚያንቀሳቅስ ዋና ሶፍትዌር አለ። አብዛኛው ሰው ይህን ከኩባንያ ይገዛል፤ ከገዛም በኋላ ሆዱን ከፍቶ ማየት፣ ለጎረቤት መቅዳት ክልክል ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ማንም የሚወስደው፣ የሚቀዳው፣ ከፍቶ የሚለውጠው ስርዓት ያዘጋጃሉ። ሁሉን ራሳቸው አይጽፉትም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ጽፈው የለቀቁትን ፕሮግራም እየሰበሰቡ፣ እየፈተሹ፣ አንድ ላይ አድርገው ያወጣሉ። አንዱን ፕሮግራም ከነፋይሎቹ «ጥቅል» ይሉታል።

መዘዙ ያለው ፋይሎቹ ላይ ነው። ደራሲው በየፋይሉ አናት ላይ ፈቃዱን ይጽፋል። «ውሰድ፣ ቅዳ፣ ስሜን ብቻ አታጥፋ» የሚል አለ። «ውሰድ፤ ከለወጥከው ግን የለወጥከውን ለሌላውም አካፍል» የሚል አለ። «እይ እንጂ አትንካ» የሚልም ሞልቷል። ከዚህ ከመጨረሻው ዓይነት አንድ ፋይል ሾልኮ ከገባ ነጻ የተባለው ስርዓት ነጻ መሆኑ ቀረ። ወተት ውስጥ የወደቀች ዝንብ ትንሽ ናት ብሎ የሚጠጣ የለም።

ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ያነባል፤ ከዚያም የማን እንደሆነና በምን ፈቃድ እንደተሰጠ «የመብት ዝርዝር» በሚሉት ወረቀት ላይ ይሞላል። እርማት ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነበረች። ሰባት ዓመት ሠራችው። ክፍሉ ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች ብረት ሲፋቅ ከላይ ጥርስ ይፋጫል። ወንበሮቹ ከየቢሮው ተለቃቅመው የመጡ ስለሆኑ ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው አይገኙም፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ደረጃ ላይ የቆመ ይመስላል። እርማት የመስኮቱን ጥግ ይዛ በቀን ሁለት ጥቅል፣ ሲቀናት ሦስት ታጣራለች።

ያጣራችውን የሚያጸድቁት የማኅበራቸው ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ናቸው፤ ማኅበሩን ከመሠረቱት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የመብት ዝርዝሩ ኮምፒውተር ላይ ተሞልቶ ሳለ ያሳትሙታል፤ ካሳተሙ በኋላ የጎማ ማኅተም ያሳርፉበታል፤ ከዚያ ፋይል ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ለምን ሲባሉ «ወረቀት አይጠፋም» ይላሉ። ማኅተሙ ከኮት ኪሳቸው ስለማይለይ ጋሼ ማኅተም ይባላሉ። በፊታቸው ማንም አይላቸውም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል።

አሁን ወሬው የሚጣፍጥበት ደረስን።

የከተማው ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሦስት መቶ አርባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን ሶፍትዌር በነጻው ስርዓት ልተካ አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። ከዚያ የአስተዳደሩ የሕግ ባለሙያ ደብዳቤ መጣ። ሴትዮዋ በጥቁር ቀለም፣ በአጭሩ ጽፋለች፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ የስርዓቱ እያንዳንዱ ፋይል በማን ፈቃድ እንደተሰጠ የሚያሳይ ሙሉ ማስረጃ ይቅረብ። ካልቀረበ አስተዳደሩ እንደ ድሮው ከኩባንያ ይገዛል።

ያልተጣራው ጥቅል ሺህ አንድ መቶ አርባ ነበር። ስድስቱ አንባቢዎች ሌት ተቀን ሳይሉ ቢረባረቡ በቀን አሥራ ሁለት፤ ዘጠና አምስት ቀን ይፈጃል። የተሰጣቸው አርባ ሁለት ቀን ነው።

ጋሼ ማኅተም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «በቃ፣ ይቅርብን እንበላት» አሉ።

«አይቀርብንም» አለች እርማት ከጥግ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እርማት ስብሰባ ላይ የምትናገረው ቃለ ጉባኤ ላይ ግድፈት ስታገኝ ብቻ ነበር።

«የሚያነብ መርማሪ ፕሮግራም ጽፌያለሁ» አለች። «ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ሁለት ዓመት ማንም አልሰማም! ወሬ በማይደበቅበት ሰፈር፣ ያውም ፀጉር ቤት ባላት እህት ቤት እየኖሩ! ሐሳቡ ራሱ የመጣው ከዚያው ፀጉር ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ስለ አንዲት የፈረሰ ቀለበት ወሬ ከሦስት ደንበኛ አፍ ሰማች። አንዷ «ጥሎሽ አነሰ ብለው» አለች፤ አንዷ «ጥሎሹ ዘገየ ብለው» አለች፤ ሦስተኛዋ ልጁን ሌላ አገር ሦስት ልጅ አስወለደችው። እህቷ ፀጉር እየጠቀለለች «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው፤ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው። የሦስተኛዋ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ የራሷን ጨምራበታለች» አለች። እርማት ብድግ አለች። የፈቃድ ጽሑፍስ እንደዚሁ አይደል? ሰው ከሰው እየቀዳ አንድ ቃል ይለውጣል፣ ስሙን ያስገባል፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። እንግዲህ ማሽኑ የታወቁትን ፈቃዶች ናሙና ይያዝ፤ አዲስ ፋይል ሲያገኝ ከየትኛው አፍ እንደወጣ ያመሳክር። ቃል ብቻ ከተለወጠ ያው ነው። ዓረፍተ ነገር ከተጨመረበት ግን ያ የራሷን የጨመረችው ሴትዮ ናትና ሰው ይጥራ። የተጨመረው ክልከላ ከሆነ ደግሞ አይለፍ ይበል። ናሙናውን ከሰባት ዓመት ማስታወሻዋ አንድ በአንድ ለቀመችው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ።

ጋሼ ማኅተም ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው የሚያስፈራ ነው። «ጎበዝ። እስቲ መጀመሪያ ራሱን ያጣራ።»

እርማት አላመነታችም። መርማሪውን የገዛ ራሱ ፋይሎች ላይ ለቀቀችው። ውጤቱ ግድግዳው ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን ወጣ፦ ይህ ፕሮግራም በአራት መቶ አሥራ ሁለት ፈቃድ የተያዘ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ዘጠና ሦስቱ ክልክል ናቸው፤ አይለፍ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከታች ቁልፍ ቀራጩ እንኳ ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ወደ ላይ ሰቀለ። «ዳኛው በራሱ ፈረደ!» አለ አንዱ አንባቢ ሆዱን ይዞ። እርማት ከአንገቷ በላይ ቲማቲም መሰለች።

ፋይሎቹ ሁሉ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ ጠባቂ፣ በወር አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ነው፤ የዚያን ወሩን ያኔ ተናገረ። «ናሙናዎቹን ነው ያነበበው።»

«አዎ!» አለች እርማት፣ ድምፅዋ ተመለሰላት። «ሆዱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ለማመሳከሪያ ያስቀመጥኳቸው ናሙናዎች ናቸው። አስተማሪ ስድብን ሰሌዳ ላይ ጽፎ 'እንዲህ አይባልም' ቢል ተሳዳቢ ይባላል? የናሙናውን ማኅደር ለይቼ ማሳየት ነበረብኝ፤ ረስቻለሁ። ይህ የኔ ጥፋት ነው። ግን እዩት፣ አንድም አላመለጠውም። አራት መቶ አሥራ ሁለት አስቀመጥኩ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት አገኘ።»

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ።

«የሕግ ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ነው» አሉ ጋሼ ማኅተም። «ሰው ሲሳሳት ይጠየቃል። ማሽንን ማን ይጠይቃል?»

«እኔን ይጠይቁኝ፣ ጋሼ። መቶ ጥቅል ይምረጡ። አምስቱ አንባቢዎች በእጃቸው ያጣሩ፤ ማሽኑም ያንኑ ያጣራ፤ እኔ ጠረጴዛዬ አጠገብ አልደርስም። የተለያዩበትን ፋይል ሁሉ እዚሁ በሰው ፊት እንክፈት። ማሽኑ አንድ፣ አንዲት ክልክል ነገር 'ይለፍ' ብሎ ከተገኘ፣ ራሴ ለሕግ ባለሙያዋ ደውዬ 'አልቻልንም፣ ግዙ' እላታለሁ። ከወንበሬም እነሳለሁ።»

ከወንበር መነሳት ለእርማት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ጋሼ ማኅተምም ያውቃሉ። «አሥር ቀን» አሉ።

አሥሩን ቀን እርማት እንዴት እንዳለፈች ከፀጉር ቤቱ በላይ የሚመሰክር የለም። ሥራ ፈትታ ስለማታውቅ እህቷ ዘንድ ሄዳ የተቆረጠ ፀጉር ትጠርግ ጀመር። በሁለተኛው ቀን የዋጋ ዝርዝሩን አረመችው። በአራተኛው የሻምፖ ጠርሙሶቹን በፊደል ተራ ደረደረች። በአምስተኛው አንዲት ደንበኛ ባሏን ስታማ መሃል ገብታ «ቅድም ግን ማክሰኞ ነበር ያልሽው» አለቻት። እህቷ መጥረጊያውን ተቀበለቻት።

«እትዬ፣ እባክሽ ሂጂና ሌላ ቦታ ጠብቂ። ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው።»

«ፈርቼ እኮ ነው» አለች እርማት።

«ምን ያስፈራሻል? ከአንቺ የተማረ ማሽን ሰው ያሰለቻል እንጂ አይሳሳትም።»

እህትና እህት እንዲህ ነው የሚጽናኑት።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ መቀመጫ ያጡት የመስኮቱ ደፍ ላይ ወጥተዋል። ማሽኑና አንባቢዎቹ የተለያዩት በአሥራ ሦስት ፋይልና በአንድ ረጅም ዝርዝር ላይ ነው። አንድ በአንድ ይከፈቱ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ ቶሎ አለቁ። አንባቢዎቹ ደክሟቸው የዘለሏቸው ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም ሦስት መቶ ፋይል ያለውን ጥቅል የፊተኛውን አይቶ «የቀረውም ይኸው ነው» ብሎ አልፏል። ጓደኞቹ በክርን ጎሸሙት።

አሥራ ሁለተኛውን አንባቢው «ይለፍ» ብሎታል፤ ማሽኑ «አይለፍ» ይላል። ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች የታወቀ፣ የተመሰከረለት ነጻ ፈቃድ ነው። አንባቢው ደረቱን ነፋ። እርማት «ወደ ታች ውረድ» አለችው። አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ደራሲው የራሱን ጨምሯል፦ «ሆኖም ጎረቤቱን የሚያማ ሰው በዚህ ፕሮግራም መጠቀም አይችልም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «በዚህማ ከሄድን አንድም ተጠቃሚ የለንም!» አለ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ አንድን ሰው መርጦ የሚከለክል ፈቃድ ነጻ አይደለም፣ ሐሜተኛም ሰው ነው። ነጥቡ የማሽኑ ሆነ።

አሥራ ሦስተኛው ሲመጣ ሳቁ ቆመ። ይህኛው ተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑ «ይለፍ» ብሏል፤ አንባቢው «አይለፍ»። አንባቢው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ አንዱ አንባቢ አንድ ቀን ታሞ በእሱ ፈንታ የተቀመጡት ጋሼ ማኅተም ናቸው።

ፋይሉ ተከፈተ። ገና አናቱ ላይ በትልቁ፦ «ይህን መቅዳት ክልክል ነው።»

እርማት ወንበሯን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ጋሼ ማኅተም ቀስ ብለው፣ ደስ እያላቸውም እንዳልነበር መናገር ፍትሕ ነው፣ «እንግዲህ ልጄ…» አሉ።

«ቀጥሉ» አለች። «እስከ መጨረሻው ውረዱ።»

የሰርቨሩ ጠባቂ ፋይሉን ወደ ታች አወረደው። ፕሮግራሙ ለካ የመጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ተጠቃሚው የተቆለፈ መጽሐፍ ለመቅዳት ሲሞክር ስክሪን ላይ የሚወጡ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው ከላይ የተደረደሩት፤ «ይህን መቅዳት ክልክል ነው»፣ «ቦታ ሞልቷል»፣ «ባትሪዎ ሊያልቅ ነው»። የደራሲው የራሱ ቃል ከነሱ በታች አለ፤ ውሰዱ፣ ቅዱ፣ ለውጡ ይላል። ጋሼ ማኅተም የመጀመሪያዋን መስመር አይተው ዘግተውታል። ማሽኑ እስከ ታች ወርዷል።

«በዚህ አያያዝ» አለ ያ የተጎሸመው አንባቢ ቂሙን ሲወጣ፣ «'ባትሪዎ ሊያልቅ ነው' የሚለውንም ፈቃድ ነው ብለን ባተምንበት ነበር።»

ጋሼ ማኅተም ሳል ሳል አሉ። «የመጨረሻውን አምጡት።»

የመጨረሻው ረጅሙ ዝርዝር ነው። አንባቢዎቹ አጣርተው በመብት ዝርዝሩ ላይ የሞሉት የባለቤት ስም ፋይሎቹ ውስጥ ካለው ስም ጋር አልገጠመም ይላል ማሽኑ፤ በአሥራ ዘጠኝ ጥቅሎች ላይ። እዚህ ድረስ ብዙም አይደንቅም። የሚደንቀው በአሥራ ዘጠኙም ላይ የተጻፈው ባለቤት አንድ ሰው መሆኑ ነው። ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። የሙዚቃ ማጫወቻው ባለቤት፣ የፎቶ ማስተካከያው ባለቤት፣ መቶ ሊቃውንት ተረባርበው የጻፉት የሒሳብ ማስሊያ ባለቤት፣ አንድ ሰው ነው፤ ጋሼ ማኅተም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «እኔ ፎቶ ማስተካከያ ጽፌ አላውቅም! እኔ የጻፍኩት ሰዓት የሚያሳይ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ እሱም ወደኋላ ይቀራል!»

ያኔ ነው ለሁሉም የበራላቸው። ማኅበሩ ሲመሠረት የመብት ዝርዝር እንዴት እንደሚሞላ ለማሳየት ጋሼ ማኅተም የራሳቸውን የሰዓት ፕሮግራም ናሙና አድርገው ሞልተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጥቅል የያዘ ሁሉ ያንን ወረቀት ይቀዳል፣ የፕሮግራሙን ስም ይለውጣል፣ ፈቃዱን ይለውጣል፤ ባለቤት የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ሻይ ይጠራዋል። አንድ አንድ ጥቅል ለሚያነብ ሰው ይህ አይታየውም። ሁሉን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ አልነበረም።

«የቆዩትንም እስቲ» አሉ ጋሼ ማኅተም በቀጭን ድምፅ።

እርማት ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ መርማሪውን የሰባት ዓመቱ ማኅደር ላይ ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሲወጣ ቆሞ አየ። አርባ። ዘጠና። መቶ ስልሳ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ቆመ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጥቅል፣ ሁሉም ተነቦ፣ ሁሉም ታትሞ፣ ሁሉም የጎማ ማኅተም አርፎበት ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። ከነዚህ ሦስቱ ደግሞ የእርማት የራሷ ነበሩ። ራሷ ናት ጮክ ብላ ያነበበቻቸው፤ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

«የሕግ ባለሙያዋ ይህን ብታገኝ» አለች እርማት ዝግ ብላ፣ «ጋሼ፣ የሰው ንብረት ወሰዱ ብላ የምትከሰው እርስዎን ነበር።»

ጋሼ ማኅተም ስክሪኑን አዩ። እርማትን አዩ። የኮት ኪሳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብለው የደነገጡ ነበሩ። እየሳቁ ነው። «ሚስቴ አርባ ዓመት ሙሉ 'አንተ ምንም አልሠራህም' ትለኛለች» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሁለት መቶ አሥራ አንድ ፕሮግራም! እስቲ ትምጣና ትይ!»

ሳቁ ሲበርድ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ያተምኩት እኔ ነኝ። ያላየሁትም እኔ ነኝ። ማሽኑ ይግባ። የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ።»

አንድም እጅ አልወጣም። መስኮቱ ላይ የነበረው ብብቱን ሊያክ ነበር፣ ተወው።

በነጋታው ጠዋት መርማሪው ሺህ አንድ መቶ አርባውን ጥቅል ያዘ። ዘጠና አምስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አጠናቀቀ። ሺህ ሠላሳ አንዱን አሳለፈ፤ ዘጠና ሰባቱን «ሰው ይየው» አለ፤ አሥራ ሁለቱን «አይለፍ» አለ። ስድስቱም አንባቢዎች ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ሰው ይየው የተባለውን እንደ ሰው አዩት። ሲዘሉት የነበረውን ሳይሆን በእርግጥ ራስ የሚያዞረውን ብቻ ስለሚያነቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ጣመን አሉ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱም ዝርዝር ታረመ፤ ባለቤቶቹ ንብረታቸውን አገኙ። ለአሥራ ሁለቱ ክልክል ጥቅሎች ደራሲዎች እርማት ደብዳቤ ጻፈች። ዘጠኙ ፈቃዳቸውን አስተካከሉ፤ ሦስቱ አሻፈረን ብለው ከስርዓቱ ወጡ፤ ማንም አልናፈቃቸውም። ሐሜትን የከለከለው ደራሲ በሁለተኛው ቀን መልሶላታል፦ «ያን ስጽፍ ከጎረቤቴ ጋር ተጣልቼ ነበር። ታርቀናል፤ አሁን አብረን ነው የምናማው። መስመሩን ሰርዤዋለሁ።»

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ የሕግ ባለሙያዋ ራሷ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቦርሳዋን ከጉልበቷ የማታወርድ ሴት ናት። ከሁሉ አጭሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እንዲያም ሆኖ ሁሉንም ከላይ ወደ ታች ታይ ነበር።

«ፋይል እኔ እመርጣለሁ» አለች።

«ይምረጡ» አለች እርማት።

አንዱን መረጠች። መልሱ ዓይኗን ሳትነቅል ወጣ፦ ባለቤቱ፣ ፈቃዱ፣ ፈቃዱ የተጻፈበት መስመር። ሌላ መረጠች። ወጣ። ጥልቅ ማኅደር ውስጥ ገብታ ስሙ ለማንበብ የሚያስቸግር አሮጌ ፋይል መረጠች። ወጣ። ሰባት መረጠች፤ ሰባቱንም ራሷ ከፍታ አመሳከረች። ከዚያ ብዕሯን ይዛ ቆየች።

«ይህን ያረጋገጠው ማነው? ማሽን ነው ሰው?»

ጋሼ ማኅተም እጃቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱ።

«ያነበበው ማሽኑ ነው» አለች እርማት። «የተጠራጠረውን ሰዎች አንብበውታል። የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስሜ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አለ። ስህተት ካገኙ ማሽኑን አይጥሩት፤ እኔን ይጥሩኝ።»

ሴትዮዋ ግርጌውን አየች። እዚያ ላይ የካርድ ክፍሉ የሚያውቀው ስም ሙሉውን ተጽፏል። ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰው ሸተተ። «ቢሮዬ ውስጥ ያልተነበበ ውል እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ይህን መርማሪ እኛም ልንጠቀምበት እንችላለን? ማንን ነው የማስፈቅደው?»

«ፈቃዱ አናቱ ላይ ተጽፏል» አለች እርማት። «ያንብቡት።»

የሕግ ባለሙያዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ፈቃድ ያነበበችው ክልከላውን ለማግኘት ነውና ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ነበር የምታነበው። «ውሰዱ» አለች። «ቅዱ። ክፈቱና እዩ። ለውጡ። ለፈለጋችሁት ስጡ። ከእናንተ የሚወስደውም ይህንኑ መብት ይኑረው።» ጣቷ ባዶ ቦታ ላይ ቆመች። ወደ ታች ፈለገች፣ ወደ ላይ ተመለሰች።

«የቀረውስ የት ነው?»

«የቀረ የለም።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። እየሳቀች ቦርሳዋን ከጉልበቷ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ የስምምነቱን ወረቀትም ወደ ራሷ ስባ ለሦስት መቶ አርባው ቤተ መጻሕፍት ፈረመች።